ቅዳሜ የማንጎ ማርማላታ እንሠራለን
ሰላም ጎረቤቶች፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በግቢያችን የጋራ ማብሰያ ቤት ቅመም ያለው የማንጎ ማርማላታ አብረን እንሠራለን። ቅቤ ስለሌለው ለጾም ቁርስም ይሆናል።

20 ኪሎ ማንጎ፣ ስኳርና ሎሚ ገዝቼ እጠብቃለሁ፤ መዋጮው በቤት 250 ብር ነው። እናንተ ቢላዋ፣ መክተፊያና ክዳናቸው የሚገጥም ሁለት አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ያዙ። ጠርሙሱ በፈላ ውኃ ተቀቅሎ፣ በጨርቅ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ። ባለፈው የሻገተብን እርጥብ ጠርሙስ ውስጥ የገባው ነበር።

ቅመሙን እንወስን። እኔ ቀረፋ፣ እርጥብ ዝንጅብልና ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ቅርንፉድ ከበዛ የማንጎው ጣዕም ይጠፋል። ኮረሪማ ይግባ ላላችሁት አንድ ድስት ለብቻ እንጥዳለን።

ወፍራም ድስት ያላችሁ እባካችሁ አውሱን፤ ስሱ ከሥር ያሳርራል። ማርማላታው ሲወፍር እየተፈናጠረ ስለሚያቃጥል ልጆች ከምድጃው ይራቁ። ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርገን በጣት ስንከፍለው ቶሎ ተመልሶ ካልገጠመ ደርሷል፤ ያኔ እናወርደዋለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ የቤት ቁጥራችሁንና የቅመም ምርጫችሁን እዚሁ ጻፉልኝ። ድስት የምታመጡም አሳውቁኝ።