ለመመዝገብ ያልበቃ፣ ለመወቀስ የበቃ ስም

ይድረስ ለክቡር የትምህርት ኃላፊያችን፤

የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠቅስም፤ ዞን ይሁን ከተማ ይሁን ክልል አልናገርም። እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ። ማመልከቻ በእጄም፣ በመዝገብ ቤትም፣ በሰው በሰውም ልኬ «ይታያል» ከሚል ቃል በቀር ያገኘሁት መልስ ስለሌለ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ። ይህኛው ቢያንስ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍም።

ባለፈው ኅዳር በአንድ ትምህርት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። ርእሱ «ልጆቻቸውን ባለማስተማር የወላጅነት ኃላፊነታቸውን ያልተወጡ» ይላል። የእኔ ስም ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ተጽፎበታል። ጎረቤት ቢነግረኝ አላመንኩም፤ ሄጄ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ዕድር ላይም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ምነው እማማ፣ ልጁን ከትምህርት አስቀሩት?» ይለኛል። ለስንቱ ላስረዳ?

ዝርዝሩ እንዲለጠፍ ያዘዙት እርስዎ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። መልካም። እንግዲህ ይኸው ስም በነሐሴ ወር፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ምን እንደገጠመው ይስሙ።

የልጅ ልጄ 8ኛ ክፍልን ጨርሶ ሚኒስትሪውን በጥሩ ውጤት አልፏል። ካርዱን፣ የልደት ማስረጃውን፣ ጉርድ ፎቶግራፉንና የእኔን መታወቂያ ይዘን 9ኛ ክፍል ልናስመዘግብ ሄድን። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አገላብጣ «እማማ፣ ወላጅ ይምጣ» አለችኝ። አባቱ በሕይወት የለም፤ የሞት ማስረጃው ይኸው አልኳት። እናቱ ሳዑዲ ናት፤ ልጁን ዳዴ ሲል ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ የቀበሌ ማስረጃም አለኝ አልኳት። «እንግዲያው ከእናቱ ውክልና ይምጣ።»

ውክልና! ልጄ በሰው ቤት የምትሠራው ደማም ነው። ኤምባሲው ያለው ሪያድ። በመካከሉ ወደ 400 ኪሎ ሜትር አለ። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው፤ ከቤት የምትወጣው ቆሻሻ ልትጥል ብቻ ነው። እንደምንም ሄዳ ብታስጽፍ እንኳ ወረቀቱ አዲስ አበባ መጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተሙ መረጋገጥ አለበት፤ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ መግባት አለበት። ይህ ሁሉ ቤት ለመሸጥ ወይም መኪና ለማዛወር አይደለም። አንድ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሂሳብ እንዲማር ነው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ ብል የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ አምጪ ተባልኩ። ይህንን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፦ ፍርድ ቤት ክረምቱን ለመደበኛ ጉዳይ ዝግ ነው። እናንተ የምትመዘግቡት እሱ በተዘጋበት ወቅት ነው፤ እሱ ሲከፈት ደግሞ የእናንተ መስኮት ይዘጋል። ይህን ያቀናበረ ሰው ቢኖር ብልሃቱን አደንቅለት ነበር፤ ግን ማንም አላቀናበረውም፤ ማንም አላሰበበትም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጥቅምት ላይ መዝገብ አስከፈትኩ፤ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ቀጠሮው ሳይደርስ የእናንተ ዝርዝር ቀደመ።

አሁን እርስዎ ይፍረዱ። ነሐሴ ላይ ይህን ልጅ ለማስመዝገብ ወላጅ አይደለሁም ተባልኩ። ኅዳር ላይ ይህን ልጅ ባለማስመዝገቤ ወላጅ ሆኜ ተወቀስኩ። ያው ስም፣ ያው ግቢ፣ ያው ማኅተም። የአጥር ማሠሪያ መዋጮ ሲሰበሰብም «ወላጅ ይምጣ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ደረሰኙ በስሜ ተቆርጧል፣ እጄ ላይ አለ። ልጁ በተማረበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በወተመህ (በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ድምፅ ስሰጥም አያት ነሽ ብሎ ያስወጣኝ የለም። ለገንዘብና ለእልልታ ወላጅ ነኝ፤ ለምዝገባ ግን አይደለሁም።

ልጁስ ምን ሆነ? ብሎኬት ማምረቻ ገባ። ብሎኬት ማምረቻው ወላጅ አምጣ አላለውም። ነገ ደላላ መጥቶ በአፋር በኩል ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ የመን አሻግርሃለሁ ቢለው ደላላውም ውክልና አይጠይቀውም። በሰሜን ሸዋ ስንት ቤት በዚህ መንገድ ልጁን እንደቀበረ እርስዎም በየለቅሶው ተቀምጠው ያዩታል። በዚህ አገር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሊገባ ሲል ወረቀት የሚጠየቅበት በር የትምህርት ቤት በር ብቻ ሆኗል።

ከዝርዝሩ በኋላ በጠሩት ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ከኋላ ወንበር። የተማሪ ቁጥር የቀነሰው በሁለት ምክንያት ነው አሉን፦ አንደኛ የአካባቢው ሕዝብ ቁጥር እየሳሳ ነው፣ ሁለተኛ ወላጅ ቸልተኛ ሆኗል። አጨበጨቡልዎት። እኔ ግን እጄን አውጥቼ ነበር፤ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። እንግዲህ እዚህ ሰዓት ስለማያልቅ ልጠይቅዎት። ሕዝቡ መሳሳቱን በየትኛው ቆጠራ አወቁት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። እኛ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በ1999 ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን 65,231 ሰው ነበራት። የልጅ ልጄ ያኔ አልተወለደም፤ እናቱም ገና ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት ትመላለስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው እየተላለፈ፣ እየተላለፈ ይኸው ዘንድሮ ደርሰናል። ባልተቆጠረ ሕዝብ ላይ ቀነሰ ብሎ መናገር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ደግሞስ ዓይን የለንም? ከተማዋ ከአፍ እስከ ገደፏ ሞልታለች። ከወለጋ ነፍሱን ይዞ የወጣው ወገናችን ቻይና ካምፕ በሚባለው መጠለያ በላስቲክ ሥር ይኖራል። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል የሸሸውን ሰው እኛው ተቀብለናል። የእነዚያ ልጆች የት ገቡ? መልቀቂያ አምጡ ተብለው ሲመለሱ አይቻለሁ። የተማሩበት ትምህርት ቤት ተቃጥሎ፣ ርእሰ መምህሩ ራሱ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ መልቀቂያ ከማን ይቀበሉ? ሕዝቡ አልሳሳም፤ ክፍሉ ነው የሳሳው።

የቀነሰ ነገርማ አለ፤ አልክድም። እናንተው ያወጣችሁት ቁጥር ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ወደ 896 ሺህ ተማሪ ተቀምጦ ነበር። በ2017 ወደ 586 ሺህ ወረደ። በሦስት ዓመት ከ300 ሺህ በላይ ተማሪ ከፈተና አዳራሽ ጎደለ፤ ያ ሁሉ ልጅ ወላጁ በአንድ ጊዜ ቸልተኛ ሆኖበት ነው? በ2015 ከተፈተነው ሁሉ 50 በመቶ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። የዚያ ዓመት ዝርዝርስ የት ተለጠፈ? «የማስተማር ኃላፊነታቸውን ያልተወጡ» የሚል ርእስ ያለው ሰሌዳ አላየሁም። በክልላችን ደግሞ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ተኩሱ የዘጋውን ትምህርት ቤት፣ ደመወዝ ሳያገኝ የከረመውን መምህር፣ ልጁን ልኮ እስኪመለስ እየተንቀጠቀጠ የሚጠብቀውን ገበሬ እናውቃለን። በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ እንደነበሩ የተናገረው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ነው። ከ4 ሚሊዮን ልጅ ጀርባ ያለውን ወላጅ ሁሉ ኃላፊነት የጎደለው ለማለት ሰሌዳው አይበቃዎትም።

ስለ እኔ ትንሽ ልንገርዎት፤ ወላጅነት ያልገባት አሮጊት አድርገው እንዳያዩኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሐምሌ 1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያን ዘመን ለማወደስ አይደለም፤ ቀይ ሽብር ያለፈበት ሰፈር ነው የኖርኩት፤ ስንት ወንድም እንደቀበርን እኔ አውቃለሁ። ነገር ግን ያኔ አስተማሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ሊጥ እያቦካን እንኳ በር እያንኳኩ ነበር የሚመዘግቡን። አባትሽ ማነው፣ ውክልና አለሽ ያለኝ የለም። ከዚያ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባሁ፤ ፈትል ክፍል። በፈረቃ እየሠራሁ የማታ ተማርኩ። ሌሊት የገባን እንደሆነ ጠዋት ስንወጣ ውርጩ መሬቱን አንጥፎት፣ ፀጉራችን ላይ የሱፍ ብናኝ ተጣብቆ፣ ደብተራችንን በነጠላ ሸፍነን እንሄድ ነበር። በዚያ ደመወዝ ቤት ቆመ፣ ልጅ ተማረ። ባልና ሚስት እዚያው ሠርተው እዚያው ያሳደጉ ቤተሰቦች ሞልተውናል። ይህች ከተማ በመምህራን ማሠልጠኛዋ ለየአገሩ መምህር ስትልክ የኖረች ናት።

ልጄ ግን ያ አልደረሳትም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ሲመረቅ ደስ ብሎን ነበር፤ ሼድ ውስጥ ስፌት ተቀጠረች። የግል ሠራተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር የምታገኘው ከቤት ኪራይ አልፎ ለልጇ ደብተር አልተረፈም። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ አጎዋ የሚባለውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስትዘጋብን ትእዛዝ ቀነሰ፤ የፈረቃ ሰዓቷም ተቀነሰ፤ ባሏን ቀበረች፤ ሄደች። የሄደችው ልጇን ለማስተማር ነው። በየወሩ የምትልከው ገንዘብ የዩኒፎርም፣ የደብተር፣ የመዋጮ ነው። ከወላጅነት በላይ ምን ኃላፊነት ትወጣ? እናንተ ግን መቅረቷን እንደ ወንጀል ቆጥራችሁ በልጇ ላይ አስከፈላችሁት።

ሥርዓት አያስፈልግም አላልኩም። ልጅ የሚሰርቅ አለ፤ በሐሰት ሰነድ የሚመዘገብ አለ፤ ጥንቃቄው ይገባኛል። መዝጋቢዋም ክፉ ሆና አይደለም፤ የተጻፈላትን ነው ያነበበችልኝ። የጻፈላት ሰው ግን እናቱ ዓረብ አገር፣ አባቱ መቃብር የሆነ ልጅ በዚህ ዞን በየጎጆው መኖሩን እያወቀ ነው የጻፈው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ሕፃናት እርምጃ ሲወስድ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕፃኑ ደኅንነት ነው ይላል። ወረቀቱ እስኪሟላ ድረስ በጊዜያዊነት መዝግቦ ማስተማር ምን ይጎዳ ነበር? ወረቀቱ ጥር ላይ ቢመጣ ያጣችሁት ነገር የለም። ልጁ ግን አንድ ዓመት አጥቷል።

የምለምነው ነገር የለኝም፤ የምጠይቀው ግን አለ። ዝርዝሩ ይውረድ፤ በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይም የስሕተት ማስተካከያ ይለጠፍ፤ የእኔ ብቻ ሳይሆን እዚያ ላይ የሰፈሩት አያቶች፣ አክስቶችና ታላቅ እኅቶች ሁሉ፤ አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፣ እንደኔው ተመልሰው ነው የወጡት። የቀበሌ ማስረጃና ሦስት ምስክር ያቀረበ አሳዳጊ ልጅ እንዲያስመዘግብ የሚፈቅድ ደብዳቤ ለየትምህርት ቤቱ ይበተን። ከተፈናቃይ ልጅ መልቀቂያ መጠየቅ ይቁም፤ መምህር ፈትኖ ክፍሉን ይወስንለት። የልጅ ልጄ ደግሞ 2ኛው መንፈቅ ዓመት የካቲት ላይ ሲጀመር ክፍል ይግባ፤ ያመለጠውን ማካካሻ ይሰጠው፤ ማታም ቢሆን ያጠናል፤ እኔም አጥንቼ አውቃለሁና አብሬው እቀመጣለሁ።

መልስዎን በጽሑፍ፣ ከነቁጥሩና ከነማኅተሙ እጠብቃለሁ።

አንዲት የቀድሞ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ
ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም