ለኒና ፔትሮኪና እና ከኋላዋ ለቆማችሁ ሁሉ

ይድረስ ለኒና ፔትሮኪና፣ ለአሰልጣኟ ለወይዘሮ ስቬትላና ቫርናቭስካያ፣ ለቤተሰቧ፣ እንዲሁም ሳምንቱን ሙሉ ቶንዲራባ የበረዶ አዳራሽ ውስጥ ላይ ታች ስትሉ ለሰነበታችሁ።

እንኳን ደስ አለሽ ኒና! እንኳን ደስ አለን!

እኔ በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን፣ ላስናሜ በሚባለው ሰፈር የምኖር ኢትዮጵያዊት እናት ነኝ። ልጄ እዚሁ ከተማ በአንድ ትንሽ ክለብ ፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በሙዚቃ መዝለልና መሾር፣ ትሠለጥናለች። ምስጋናዬን በአማርኛ የጻፍኩት በሆዴ ያለውን ሁሉ አውጥቼ መናገር የምችለው በእሱ ስለሆነ ነው። ደግሞም ማንን እንደማመሰግን ወገኖቼ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ወደ ኢስቶኒያኛ ልጄ ትመልሰዋለች።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ኒና የታሊን ልጅ ናት። ዓርብ ጃንዋሪ 31 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሃያ ዓመቷ፣ በተወለደችበት ከተማ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። ያገኘችው 208.18 ነጥብ ነው። ጆርጂያዊቷ አናስታሲያ ጉባኖቫ ሁለተኛ፣ ቤልጂየማዊቷ ኒና ፒንዛሮኔ ሦስተኛ ወጡ። ኢስቶኒያ በፊገር ስኬቲንግ የአውሮፓ ወርቅ ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሕዝቧ ቁጥር 1.4 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ብቻዋን ስንት እጥፏ እንደሆነች አስቡት።

ኒና፣ ከወርቁ በፊት ግን የማመሰግንሽ ስለ ሌላ ነገር ነው። ስላላቆምሽ።

በ2022 የቤጂንግ ክረምት ኦሊምፒክ ሲመጣ ኢስቶኒያ በሴቶች የነበራት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የኤቫ-ሎታ ኪቡስ ሆነ። ኤቫ-ሎታም ጎበዝ ናት፤ ቦታው ይገባት ነበር። አንቺ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። በዚህ ስፖርት አሥራ ሰባት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ የስኬተር እናት ታውቀዋለች። ያኔ በአዋቂዎች ምድብ ለመወዳደር አሥራ አምስት ዓመት ይበቃ ነበር። ዓለም በትንንሽ ልጆች ዝላይ አፉን ከፍቶ ነበር። የሃያ ዓመት ሴት እንደ አሮጊት ትቆጠር ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ስንቷ ጫማዋን ሰቅላ ቀረች! አንቺ ግን በማግስቱም በረዶው ላይ ነበርሽ።

ዛሬ ሕጉ ተለውጧል። ከ2024-25 የውድድር ዓመት ጀምሮ ዝቅተኛው ዕድሜ አሥራ ሰባት ነው። እኔ በበኩሌ የተለወጠው ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት ባንቺ ነው። ልጄ "ጊዜ አለኝ እኮ እማ" ትለኛለች። ይህን ቃል ከአፏ መስማት ለእኔ ምን ያህል እንደሆነ መናገር ያቅተኛል። ምክንያቱም በጥቅምት ልምምድ ላይ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሳይፈታ "ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ" እያለች ታለቅስ ነበር። ያኔ አንዲት የክለባችን ታላቅ ልጅ አጠገቧ ቁጭ ብላ ያንቺን ታሪክ ነገረቻት። ልጄም ተመለሰች። እጇ ሲድን ያለ ዝላይ፣ በመንሸራተት ብቻ፣ ቀስ እያለች ጀመረች።

ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩት አራት ደቂቃ ነው። ነፃው ፕሮግራም የሚባለው፣ ከውድድሩ ሁለት ክፍሎች ረጅሙ፣ ያን ያህል ነው የሚፈጀው። በዚያች አራት ደቂቃ ውስጥ እስከ ሰባት የዝላይ ሙከራ አለ። አንዳንዱ ሙከራ ደግሞ ሁለትና ሦስት ዝላይ ያከታትላል። ወደ ፊት እየሄዱ ከሚነሱበት፣ አክስል ከሚባለው ዝላይ በቀር ሁሉም ወደ ኋላ እየሄዱ የሚነሱባቸው ናቸው። ማረፊያቸው ግን አንድ ነው፦ ባንድ እግር፣ ወደ ኋላ፣ ከጫማው ሥር ባለው ስለት ውጫዊ ጠርዝ። የስለቱ ስፋት ግማሽ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ሦስት ዙር የሚዞረው ደግሞ አንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ሩብ ዙር ከጎደለ ቴክኒክ ዳኞቹ ቪዲዮውን አዘግይተው ያዩታል፣ ነጥቡ ይቀንሳል። ከወደቁ ሌላ ቅጣት አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ፊት ፈገግ ማለት አለበት፣ እጅ ሙዚቃውን መከተል አለበት። በመጨረሻ ደግሞ ትንፋሽ ካለቀ በኋላ እንደ እንዝርት መሾር አለ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ወገኖቼ "በረዶ ላይ መንሸራተት ምኑ ይከብዳል?" እንዳይሉ ነው። አጠገቡ ቆማችሁ ስሙት። ስለቱ በረዶውን ሲቆርጥ ድምፅ አለው። ከዝላይ በኋላ እግር ሲያርፍ ያ ድምፅ በረዶውን እስከከበበው አጥር ድረስ ይሰማል። ጥሩ ሲያርፉ "ሽሽሽ" ብሎ ይረዝማል። ሲበላሽ ይቆረጣል። ልጄ ፊቷን አዙራ እንኳ ማን በደንብ እንዳረፈ በጆሮዋ ትለያለች።

ወይዘሮ ስቬትላና፣ እርስዎን ምን ብዬ ላመስግንዎት? ኒና በረዶው ላይ ስትወጣ እርስዎ አጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። ውጤት በሚጠበቅበት ወንበር ላይም አጠገቧ ነበሩ። በብዙ ስፖርት ልጅ ተሰጥኦ ካሳየች ወደ ትልቅ አገር ትሄዳለች። ገንዘቡም፣ ስመ ጥሩ አሰልጣኝም፣ ሰፊው አዳራሽም እዚያ ነው ይባላል። እናንተ ግን ታሊን ውስጥ ሠርታችሁ ታሊን ውስጥ አሸነፋችሁ። ይህ ለትንንሾቹ ልጆች ከወርቁ እኩል ነው። አሁን ማለዳ ልምምድ የምትሄድ ልጅ የምትረግጠው በረዶ ሻምፒዮን ያወጣ ከተማ በረዶ መሆኑን ታውቃለች። እድሜና ጤና ይስጥዎት።

ደግሞ ይህ ባንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። በፊት የነበሩትን ሳላመሰግን ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። አና ሌቫንዲ በ1984 ለሶቪየት ኅብረት ተወዳድራ በዓለም ሻምፒዮና ብር ያገኘች ሴት ናት። በኋላ ኢስቶኒያ ኖራ ስንቱን ልጅ አስተማረች። የሌና ግሌቦቫ ለዓመታት የዚችን አገር ስም ይዛ በኦሊምፒክ ታየች። አሌክሳንደር ሴሌቭኮ ደግሞ በጃንዋሪ 2024፣ ሊትዌኒያ ካውናስ ላይ በወንዶች ብር አገኘ። በዚህ ስፖርት የኢስቶኒያ የመጀመሪያው የአውሮፓ ሜዳሊያ ያ ነበር። ያን ዕለት የክለባችን ልጆች እየዘለሉ ሲጮኹ ጎረቤት መጥቶ "ምን ሆናችሁ?" ብሎ ጠይቋል።

የኢስቶኒያ ስኬቲንግ ማኅበርንና አዘጋጆቹንም አመሰግናለሁ። እናንተ ሰዎች እንግዳ መቀበል ታውቁበታላችሁ። በ2022 ባንድ ወር ውስጥ የአውሮፓ ሻምፒዮናውን አስተናግዳችሁ ሳትተነፍሱ፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከቻይና የተነሳውን፣ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ አገሮች የሚደረገውን የአራቱ አህጉራት ውድድር ተቀበላችሁ። በሚያዝያ ደግሞ ሶፊያ ሊካሄድ የነበረው የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና ወደ እናንተው መጣ። ሦስቱም ቶንዲራባ ነው የተካሄዱት። የሰፈሬ አዳራሽ ነው። እዚያ ማለፍ በቻልኩ ቁጥር እኮራበታለሁ።

በረዶውን የምታዘጋጁ ሠራተኞች፣ የእናንተን ስም ማንም አይጠራም። ለሆኪ የሚሆነው በረዶ ጠንካራና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለፊገር ስኬቲንግ ደግሞ ትንሽ ለስለስ ማለት አለበት፤ አለዚያ ስለቱ አይዝም፣ ልጆቹም ሲያርፉ ጉልበታቸው ይመታል። ይህን በሙቀት መጠን እያስተካከላችሁ፣ በየመሃሉ በረዶ ማለስለሻ መኪናችሁን እያወጣችሁ ቀኑን ሙሉ ስትሠሩ አይቻለሁ። ውሃው ሲፈስ፣ ሲያበራ፣ ቀስ ብሎ ሲረጋ አዳራሹ ሁሉ ዝም ብሎ ያያችኋል። ክበሩልኝ።

ስለ ሐሙስ ዕለትም ማንሳት አለብኝ።

ረቡዕ ለሐሙስ ሌሊት ነው ከዋሽንግተን መርዶው የመጣው። ጃንዋሪ 29 ማታ የመንገደኞች አውሮፕላንና ወታደራዊ ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰው አለቀ። ከሟቾቹ መካከል ብዙ፣ ከአሜሪካዋ ከተማ ከዊቺታ ሥልጠና የሚመለሱ ታዳጊ ስኬተሮች፣ ወላጆቻቸውና አሰልጣኞቻቸው ነበሩ። በ1994 በጥንድ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ባልና ሚስት፣ የቭጌኒያ ሺሽኮቫና ቫዲም ናውሞቭ፣ ከእነሱ ጋር ነበሩ። እኛ ሐበሾች መጀመሪያ ወደ ዋሽንግተን ዘመዶቻችን ደወልን፤ ማን እንደተሳፈረ አይታወቅምና። ቀጥሎ ግን የክለቡ እናቶች እርስ በርስ ተደዋወልን። እናትና ልጅ አብረው፣ ሻንጣቸው ውስጥ የስኬቲንግ ጫማ ይዘው። ማንኛችንም ልንሆን እንችል ነበር። ነፍስ ይማር። ላጡት ቤተሰቦች እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጣቸው።

ቶንዲራባ ላይ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ቆመ። ከዚያ ልጆቹ ወደ በረዶው ወጡ። ብዙዎቹ የሞቱትን በቅርብ ያውቋቸው ነበር። ያን ቀንና በማግስቱ የተወዳደራችሁ ሁሉ፣ ከየትም አገር ብትመጡ፣ አመሰግናችኋለሁ። ልጄ "እንዴት ይችሉታል?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እናንተው በረዶው ላይ አሳያችኋት።

ዓርብ ማታ ልጄ አበባና አሻንጉሊት ከሚለቅሙት ልጆች አንዷ ነበረች። ለዚህ የመረጣችኋት የክለባችን አሰልጣኞች፣ ውለታችሁን አልረሳም። ጀሶው የተፈታለት እጇ አሁንም ትንሽ ይፈራል። ሁለት አሻንጉሊት ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሦስተኛውን በአገጯ ደግፋ ስትመጣ ከላይ ሆኜ እያየኋት ነበር። ኒና ከበረዶው ስትወጣ አዳራሹ ከመጮህ አላረፈም። ከአምስት ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ቤት ነው፤ ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ይጮህ ነበር። የሰፈር አሮጊቶች፣ በሩሲያኛ የሚያወሩትም በኢስቶኒያኛ የሚያወሩትም፣ አንድ ላይ "ኒና! ኒና!" ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱ እንዲህ ባንድ ድምፅ ሲጮኹ በዚህች ከተማ ሁልጊዜ አይገጥምም። መዝሙሩ ሲጀመር እኔም ቆሜ አለቀስኩ። በአገር ሜዳ መወዳደር የሚያስጨንቅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። የሚያውቅሽ ሁሉ እያየሽ ነው፤ ብትወድቂ የትም አትደበቂም። አንቺ ተሸክመሽው ወጣሽ። ተባረኪ።

የኒና ቤተሰቦች፣ እናንተንም አላውቃችሁም፤ ግን የምታውቁትን አውቃለሁ። በጨለማ መነሳቱን፣ መኪናው እስኪሞቅ መንቀጥቀጡን፣ ቶሎ የሚጠበውን ጫማ፣ የስለት መሳያውን ወጪ፣ በአዳራሽ ብርድ ሻይ ይዞ መቀመጡን። ልጅ ስትወድቅ ከመቀመጫ ያለመነሳቱን ደግሞ ከሁሉ በላይ። የለፋችሁበትን ስላሳያችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን።

የክለባችን እናቶች፣ ልጄ በተሰበረች ጊዜ ወጥ ሠርታችሁ የመጣችሁ፣ ማለዳ ወስዳችሁ የመለሳችሁልኝ፣ ለልጃችሁ የጠበበውን ቀሚስ ሰፍታችሁ አስተካክላችሁ ያለበሳችሁልኝ። ወጌሻዋም የልጄን ጣቶች አንድ በአንድ እያንቀሳቀሰች ዳግም አስለመደቻት። እህት በሌለኝ አገር እህት ሆናችሁኛል።

አሁን አንድ ነገር ለወገኖቼ ልበልና ላብቃ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም.፣ በማርች 2025፣ የዓለም ሻምፒዮና ቦስተን ቲዲ ጋርደን በሚባለው አዳራሽ ተካሂዷል። እዚያ ከሜዳሊያው ሌላ ለአገር የ2026 ሚላን ኦሊምፒክ ቦታ የማግኘት ጉዳይ ነበረበት። ከዚያ አውሮፕላን አደጋ ሟቾች መካከል የቦስተን ክለብ ልጆችም ነበሩበትና ከተማዋ ሐዘን ላይ ነበረች። በየአገሩ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ኒና በአቅራቢያችሁ ስትወዳደር ከቻላችሁ ትኬት ቆርጣችሁ ግቡ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። የኢስቶኒያ ባንዲራ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ስሟ ሲጠራ በእኛም ስም እልል በሉላት።

በረዶ የምትወድ ልጅ እናት
ታሊን