«ብቻ» የምትለዋ ቃል ትታረምልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አዘዞ፣ ጎንደር የምኖር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት «አርኤንኤ የዲኤንኤ ተላላኪ ብቻ ነው» ብላችሁ ጻፋችሁ። ዲኤንኤ የዘር መረጃ የተጻፈበት ሞለኪውል ነው፤ አርኤንኤ ደግሞ ከእሱ የሚቀዳ። «ብቻ» የምትለዋ ግን ከነከነችኝ፤ አርኤንኤ ሌላም ሥራ አለውና። ተማሪዎቼ ገጹን ቆርጠው ይዘውልኝ መጡ።

ሰሌዳው ላይ ኢ. ኮላይን ሣልኩላቸው። ባክቴሪያዋ ብረት ሲያጥራት አርዋይኤችቢ የምትባል፣ 90 ገደማ ፊደል ያላት ትንሽ አርኤንኤ ታመርታለች። ፕሮቲን አይሠራባትም። የፕሮቲን አሠራር የያዘውን ተላላኪ አርኤንኤ፣ ማለትም መልእክቱን፣ በነጭ ጠመኔ፣ ትንሿን በቀይ ጻፍኩ። በአርኤንኤ ፊደሎች ኤ ከዩ፣ ጂ ከሲ እየገጠመች፣ ኤችኤፍኪው የሚባል ፕሮቲን እያገዛት፣ ብረት በሚፈጁ ፕሮቲኖች መልእክት ላይ ትለጠፋለች። መልእክቱን እያነበበ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ማንበብ ያቅተዋል። መልእክቱም ይቆራረጣል። ያለችው ብረት ለግድ ሥራ ትተርፋለች። እናቴ ከሰል ሲወደድ «ቡናው ይቅር፣ ወጡ ይሠራ» ትል ነበር፤ ልክ እንደዚያ።

አንዷ ልጅ «ብረት ሲመጣስ?» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያኔ ፉር የሚባል ፕሮቲን ብረቱን ይዞ የአርዋይኤችቢን ጂን ይዘጋል።

ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። እንደዚችው መልእክት የምታግድ፣ ሚክኤፍ የምትባለዋ ትንሽ አርኤንኤ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እባካችሁ ማረሚያ አውጡ፤ ልጆቹ በየሳምንቱ ያነብቧችኋል።