ጋቢው ጥሩ ነው፤ ስሌቱስ የት አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ጡረታ በጋዜጣ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ስለ አበሉ ማነስ ነው። ልክ ነው፣ ያንሳል። ጤፍ ለሸመተ ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም። እኔ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። ሠራተኛ በ60 ዓመቱ እንደሚወጣ ከተቀጠረበት ዕለት ጀምሮ ያውቃል። ያም ሆኖ ቀኑ ሲደርስ እንደ በጋ ዝናብ ሳይዘጋጅ ነው የሚያገኘው። ለምን? ቀደም ብሎ ቁጭ አድርጎ የሚነግረው የለማ።

እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ነበርኩ። መዝገብ ቤት ጀምሬ በኋላ የጡረታ ፋይል አዘጋጅ ሆንኩ። ኃላፊውም፣ ሾፌሩም፣ ጥበቃውም ሲወጣ በእኔ ጠረጴዛ ነበር የሚያልፈው። ስንቱን ሸኘሁት! ሽኝቱ መቼም አንድ ዓይነት ነው። አዳራሽ ውስጥ ለስላሳ ይከፈታል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ንግግር ይደረጋል። ከዚያ ጋቢ ይደረብለታል። ለወንዱ ከዘራ ይጨመርለታል። ትናንት መሰላል ላይ ወጥቶ አምፖል ሲቀይር የነበረ ጎልማሳ፣ ዛሬ ከዘራ ተደግፎ ፎቶ ይነሳል። ጋቢ አልጠላም፤ የእኔን አሁንም እለብሰዋለሁ። ግን ሰውዬው ጋቢውን ለብሶ ቤቱ ሲገባ በወር ስንት ብር እንደሚደርሰው አያውቅም። ብዙው ሰው አያውቅም ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል።

ስሌቱ እኮ ከባድ አይደለም። ለሲቪል ሠራተኛው እንዲህ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደመወዙ አማካይ ይወጣና 30 በመቶው ይያዝለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በምሳሌ ልየው። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር፣ አገልግሎቱ 34 ዓመት ይሁን። 24 ጊዜ 1.25፣ 30 ነው። ከመነሻው 30 ጋር 60 በመቶ ሆነ። በወር 4,800 ብር ማለት ነው።

70 በመቶ ለመድረስ ደግሞ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ብቻ ነው የሚነካት። ኮሌጅ ጨርሶ፣ ሥራ ፈልጎ፣ በ25 ዓመቱ የተቀጠረ አይደርስባትም። ይህን ስናገር ስንቱ ጠረጴዛዬ ማዶ ተቀምጦ ፊቱ እንደተለዋወጠ አይቻለሁ።

ሌላም አለ። የሚታሰበው መደበኛ ደመወዝ ብቻ ነው። የቤት አበል የለበትም፣ የኃላፊነት አበል የለበትም፣ የመስክ ውሎ አበል የለበትም። አንድ ሾፌር ነበረን። መተማ፣ ደባርቅ፣ ሁመራ ሲመላለስ የኖረ ሰው። ደመወዙን ለልጆች ትምህርትና ለዕቁብ ይሰጣል፤ ቤቱ የሚበላው በውሎ አበል ነበር። 57 ዓመት ሲሞላው ጠርቼ ስሌቱን አሳየሁት። «እትዬ፣ ይሄ የእኔ ነው?» አለኝ። «የአንተው ነው» አልኩት። በማግስቱ ሚስቱን ይዞ መጣ። እንደገና አሰላንላቸው። ከዚያ ወዲያ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ጓሮውን አጥሮ ሁለት ክፍል ሠራ። አሁን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያከራያል። ከጡረታው ይልቅ በኪራዩ ነው የሚኖረው። ባላሳየው ኖሮ ያችን ሦስት ዓመት ምን ያደርግባት እንደነበር እሱም ራሱ ይናገራል።

ወረቀት ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኔ ነገር፣ ከፋይል መራቅ አልችልም። የልደት ዘመን የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ነው። በኋላ «ተሳስቼ ነው፣ ሁለት ዓመት አንሳለሁ» ማለት አይሠራም። ስም በየወረቀቱ አንድ መሆን አለበት። አንዱ ላይ ወልደ ሥላሴ፣ አንዱ ላይ ወ/ሥላሴ፣ አንዱ ላይ የአያት ስም የሌለው፤ በዚህ ስንት ሰው ተጉላልቷል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የጠፋ አገልግሎት ነው። በወጣትነቱ ጃናሞራ ያስተማረ ሰው አለ እንበል። ከዚያ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። የጃናሞራው 8 ዓመት ማስረጃ ከፋይሉ ውስጥ የለም። 8 ጊዜ 1.25፣ 10 በመቶ ነው። በ8,000 ብር ደመወዝ ሲሰላ በየወሩ 800 ብር ዕድሜ ልኩን ያጣል ማለት ነው። ያንን ማስረጃ በ59 ዓመት ከ11 ወር ከወረዳ ወደ ወረዳ መፈለግና በ55 ዓመት ተረጋግቶ መፈለግ አንድ አይደለም። መንገዱ እንዲህ በማያስተማምንበት ጊዜ ደግሞ ይብሳል።

የጋብቻ ማስረጃም እንዲሁ። ጡረተኛው ቢያርፍ ለትዳር ጓደኛው የአበሉ ግማሽ ይከፈላል። በቤተሰብ ሽምግልና ተጋብተው፣ ሰባት ልጅ ወልደው፣ ወረቀት የሌላቸው ስንት አሉ።

የግል ድርጅት ሠራተኛም እንዳይቀርብኝ። የግሉ ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በየሆቴሉና በየዱቄት ፋብሪካው የምትሠሩ ልጆች፣ 7ቱ ከደመወዛችሁ መቆረጡን ፔሮል ላይ ታዩታላችሁ። ገንዘቡ በስማችሁ መግባቱንስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ታውቁታላችሁ? ዛሬ 30 ዓመታችሁ ቢሆንም ጠይቁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው 55 ሲሞላው አንድ ገጽ ወረቀት ይስጠው። የተመዘገበ የልደት ዘመን፣ በማስረጃ የተረጋገጠ አገልግሎት፣ በዛሬው ደመወዝ የሚደርሰው አበል፣ የጎደለ ማስረጃ። አራት ነገር ነው፣ ከዚያ አያልፍም። 55 ያልኩት እንዲሁ አይደለም። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ቢለቅ አበሉ ከ55 ጀምሮ ሊከፈለው ይችላል። ስለዚህ ልቆይ ወይስ ልውጣ የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሰው ቁጥሩን ሳያውቅ እንዴት ይወስናል? ለዚህ በጀት አያስፈልግም። ፋይሉ አለ፣ ሠራተኛው አለ፣ ካልኩሌተር አለ።

ገንዘቡ ይህ ነው። ቀኑን እንዴት ትውላለህ የሚለው ሌላ ነው።

ጎንደር ውስጥ ጡረታ ለወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ሹመት ውሃ መጠበቅ ነው። የከተማችን ውሃ በፈረቃ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። «እማዬ፣ አንቺ ቤት ነሽ አይደል? ስትመጣ ቅጅልን» ይሉሻል። ከዚያ የመብራት ክፍያ ሰልፍ። ከዚያ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት። ከዚያ የዘመድ ልቅሶ፣ ቤተሰቡን ወክለሽ። ወንድ ከሆነ ደግሞ ሽምግልና ይጨመርበታል፤ ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር እሱ ይጠራል። ሁሉም ደግ ሥራ ነው። የልጅ ልጅ እጅ ይዞ መሄድን የመሰለ ነገር የለም። ግን ማንም አንድ ጊዜ እንኳ «ይመችሻል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ደመወዝ የሌለው ሰው ጊዜውም የእሱ አይመስላቸውም።

እኔ የመጨረሻ ዕቁቤ የደረሰኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነበር። አስቤበት ነው፤ በጡረታ አበል ዕቁብ መጣል ያስጨንቃል። በገንዘቡ ሮቶ ገዛሁ። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። ሰው ሶፋ ሲገዛ ሮቶ! ሮቶው ግን ከውሃ ጠባቂነት አወጣኝ። ውሃዋ በሌሊትም ትምጣ በቀን ራሷ ትሞላለች። ጠዋቴን መልሼ አገኘኋት። ጡረታ ሊወጣ ያለ የጎንደር ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ ከስሌቱ ቀጥሎ የምነግረው ይህንኑ ነው።

በጠዋቴ እሄዳለሁ። እኔና እንደ እኔ የወጡ ጓደኞቼ ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ቀሃ ወርደን በፋሲል መዋኛ በኩል እንዞራለን። ጥምቀት ለት ሕዝቡ ስለሚሞላው ግንቡ አይታይም። በተራ ቀን ግን የዋርካዎቹ ሥር ግድግዳውን እንዴት እንዳቀፈው ቆም ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር ሠርቼ፣ ለዚህ ጊዜ ያገኘሁት አሁን ነው። ጉልበት ባለን ቀን ቁስቋም እንወጣለን። ዳገቷ ትንፋሽ ትጨርሳለች፤ ማንም ቀድሞ «እንረፍ» ማለት ስለማይፈልግ ሁላችንም የነጠላችንን ጥለት እያስተካከልን እንቆማለን።

ቁስቋም ስደርስ እቴጌ ምንትዋብን አስባለሁ። ቤተ መንግሥቱንና ቤተ ክርስቲያኑን እዚያ ያሠሩት ልጃቸው ኢያሱ ነግሦ፣ እሳቸው ሥልጣኑን ይዘው በነበረበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ሲገደሉ፣ ሀዘናቸውን ይዘው የሚገቡበት ቤት ነበራቸው። በ1773 እስኪያርፉ እዚያው ኖሩ። ዘመናቸው ክፉ ነበር፣ አልቀናባቸውም። ግን ቤቱን የሠሩት አቅም ሳላቸው መሆኑ ሁሌ ይደንቀኛል።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳዬ ላይ የጎረቤት ፋይል አያለሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ስም አስተያያለሁ፣ አገልግሎት እደምራለሁ። ክፍያ የለውም። ቡና ይዘው የሚመጡ አሉ፤ እምቢ አልልም። የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ፋይል» ይሉኛል፣ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ይህን ሥራ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አላመጣሁትም። ሥራ ላይ ሳለሁም እሑድ እሑድ እሠራው ነበር። ለዚህ ነው ሰኞው ባዶ ያልሆነብኝ። ሙያ ያለው ሰው የሚወደውን ነገር በ58 ይጀምር እላለሁ። ዳዊት መድገም ይሁን፣ ጓሮ መትከል ይሁን፣ ጥጥ መፍተል ይሁን። በ60 ልጀምረው ያለ ሰው መጀመሪያ ስድስት ወር ይተኛል፣ ከዚያ ወገቤን ይላል።

ስለ ባለቤቴም አንድ ነገር ልበል። ከእኔ ቀድሞ ነው የወጣው። የንብረት ክፍል ሰው ነበር። ቤት ሲውል የጀመረው የእኔን ጓዳ መቆጣጠር ነው። በርበሬው ስንት ኪሎ ቀረ፣ ዘይቱ መቼ ተከፈተ፣ ይህ ክዳን የማን ነው። እኔም ስወጣ ሁለታችን አንድ ቤት ዋልን። ሠላሳ ምናምን ዓመት በትዳር የኖርን ሰዎች ቀን ቀን አንተዋወቅም ነበር ለካ። ተጣልተን ተጣልተን ተስማማን፤ ጓዳው የእኔ፣ ጓሮው የእሱ። አሁን ጌሾውንና ቃሪያውን እየቆጠረ ይውላል። ስለዚህ ነገር በሽኝት ንግግር ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ባልና ሚስት ከመውጣታቸው በፊት ቢነጋገሩበት ብዙ ኩርፊያ ይቀንሳል።

ውድ አዘጋጅ፣ አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀምር፣ የጡረታውን ስሌት በትንሽ ሣጥን አድርጋችሁ አውጡት። ሰው ቆርጦ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ደብዳቤዬ ረዝሞ ቦታ ካጠራችሁ ደግሞ ስለ ባለቤቴ ያለውን ቁረጡት፤ እሱም ይደሰታል። ቁጥሮቹን ግን እንዳትነኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛዋ የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ
ከጎንደር