ለአጎቴ፦ ስለ ቁስለኛው ሠራዊት

ኖቲንግሃም፣ እንግሊዝ

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እህቴ በስልኳ ያሳየችዎትን የትንንሽ ምስሎቼን ፎቶግራፎች አይተው «ይህ ልጅ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ሰይጣን መሣል ያዘ እንዴ? ያውም የቆሰለ፣ የበሰበሰ ሰይጣን!» ማለትዎን ነግራኛለች። ዕድሜዎን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ ለኖሩ ሰው በሁለት መስመር የስልክ መልእክት መመለስ አክብሮት ማጉደል መስሎ ስለታየኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁልዎ።

ምስሎቹ ዋርሃመር ለሚባል የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚሠሩ ናቸው። ጨዋታውን የሚያወጣው ጌምስ ወርክሾፕ የተባለ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1975 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ፤ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ እኔ በምኖርበት ከተማ፣ ሌንተን በሚባለው ሰፈር ነው። የመጀመሪያው ዋርሃመር የወጣው በ1983 ነው። ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ሠራዊት ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው ርቀቱን በኢንች እየለኩ፣ የምቱን ውጤት ዳይስ እየጣሉ ይወስናሉ። ሠራዊቱ ግን ተቀብቶ አይሸጥም። ባለቤቱ ክፍሎቹን ከፕላስቲክ ማዕቀፋቸው ቆርጦ፣ በማጣበቂያ ገጣጥሞ፣ ቀለሙን ራሱ ይቀባል፤ አንዱ ወታደር ከአውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም። እኔ ከጨዋታው ይልቅ ያሸነፈኝ ይህ የቀለሙ ሥራ ነው።

በጨዋታው ልብ ወለድ ውስጥ አራት ዋና ዋና የጥፋት አማልክት አሉ። እኔ የያዝሁት የነርግልን ሠራዊት ሲሆን፣ እርሱም የወረርሽኝና የመበስበስ ጌታ ነው፤ ሰባት ቁጥር የእርሱ ምልክት ነው። የሚያስደንቀው ነገር ጨካኝና ቁጡ ተደርጎ አለመፈጠሩ ነው። ተከታዮቹ አያታችን ይሉታል፤ እርሱም በሽታውን እንደ ስጦታ ያድላቸዋል፤ እነርሱም ሥጋቸው እየረገፈ ሕመም አይሰማቸውም። ነርግሊንግ የሚባሉት ትንንሾቹ አጋንንት ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጥርሳቸው ገጥጦ፣ እርስ በርስ እየተሳሳቁ ይንጫጫሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ሣቃቸው ነው፤ የሚያስጮህ ደዌ ያለበት ሰው ጩኸቱን ትቶ ሲደሰት ማየት ከማንኛውም ቀንድና ጥፍር ይከብዳል። ስለዚህ ፊታቸውን ስቀባ ጉንጫቸውን ሞቅ፣ ከንፈራቸውን ቀላ አደርጋለሁ፤ ደስታው ካልታየ ክፋቱም አይታይም።

እግረኞቹ ፕሌግቤረር ይባላሉ፤ መቅሠፍት ተሸካሚዎች እንደ ማለት ነው። ሥራቸው ጌታቸው ወደ ዓለም የለቀቃቸውን በሽታዎች እያጉረመረሙ መቁጠር ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ቀንድና አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። የመጀመሪያውን ምስል ገጣጥሜ ፊቱን ባየሁ ጊዜ የታወሱኝ እርስዎ ነበሩ። ጻድቁን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ኃጢአተኛውንና ጋኔኑን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን እንደምትሥሉት ማለቴ ነው። የእንግሊዙ ቀራጺ የእኛን አገር ሥዕል አይቶ ነው አልልም፤ ምክንያቱም እርሱ የቀረጸው ጋኔን አንድ ዓይኑ ግንባሩ መካከል የተቀመጠ ነው። ሆኖም ክፉውን ለመለየት ዓይኑን ማጉደል እርስዎም ዘንድ፣ እዚህም መገኘቱ ሥራውን አቅርቦልኛል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ። ምስሉ ተገጣጥሞ ሲደርቅ መጀመሪያ በሚረጭ ቀለም መደቡን እሰጠዋለሁ። ጥቁሩን ከየአቅጣጫው፣ ነጩን ከላይ ብቻ ስረጨው ብርሃኑና ጥላው የት እንደሚያርፍ ብሩሽ ሳላነሣ ይታየኛል። ከዚያ ቆዳው ይከተላል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ በቀጥታ ወደ አረንጓዴውና ወደ መግሉ ይሮጣል። እኔ ግን በሽታ የሚያድረው በሥጋ ላይ ነውና መጀመሪያ ሥጋው ይኑር ባይ ነኝ። ስለዚህ ራካርዝ ፍሌሽ የሚባለውን፣ ደም የራቀው ሰው መልክ ያለውን ሐመር ቀለም አንድ ወጥ አድርጌ እቀባለሁ፤ ሕመሙን በላዩ ላይ በስሱ እየደጋገምሁ እደርባለሁ። ዎሽ የሚሉት እንደ ውኃ የቀጠነ ቀለም አለ፤ ሲቀባ ራሱ ወደ እጥፋቱና ወደ ስንጥቁ ይወርድና ጥላ ይሆናል። ቡናማውን በመገጣጠሚያዎቹ፣ ሐምራዊውን በቁስሉ ዙሪያ፣ አረንጓዴውን በሆዱ ሥር አሳርፋለሁ። አረንጓዴና ቀይ ጎን ለጎን ሲሆኑ እርስ በርስ እንደሚጎላሉ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

አንዱን ሆድ በቅርብ ላሳይዎ። ከእምብርቱ እስከ ጎድኑ ተቀድዶ አንጀቱ ወጥቷል። የተቀደደው ቆዳ ጠርዝ ስለተወጠረ ነጣ ያለ ሮዝ መስመር ይፈልጋል፤ ይህች መስመር ከፀጉር ካልቀጠነች ቁስሉ ቁስል መሆኑ ይቀርና የተሰፋ ጨርቅ ይመስላል። ውስጡ የረጋ ደም የሚመስል ጥቁር ቀይ ነው፤ አንጀቱ ሮዝ ሆኖ ሐምራዊ ዎሽ ይወርድበታል። ከጎኑ ያሉት እባጮች በየተራ ይሠራሉ፤ ከሥር ቀላ ያለ ክብ፣ በላዩ ቢጫ፣ በቢጫው ላይ የወተት አጥሚት የመሰለ ጠብታ፣ ከጫፉ ላይ ደግሞ ከጠብታውም ይበልጥ ነጣ ያለች ነጥብ። ፍጹም ነጭ አላስነካውም፤ መግል ነጭ አይደለም። በመጨረሻ ሁሉም ደብዘዝ እንዲል የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይረጭና፣ የሚያብረቀርቀው ቫርኒሽ በቁስሉ ውስጥ ብቻ ይገባል። እርጥቡና ደረቁ የሚለዩት በዚህ ነው።

ለሰይፉ ዝገት ታይፈስ ኮሮዥን የሚባል አሸዋ ያለበት ቡናማ ቀለም አለ፤ ሲደርቅ ብርቱካናማ በደረቅ ብሩሽ ይታሽበታል። ለሚንጠባጠበው ዝቃጭ ነርግልስ ሮት የሚሉት፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከጥርት ማጣበቂያ ጋር ቀላቅለው ቢስቡት ከጥርስ ወደ ጥርስ እንደ ለሃጭ ይዘረጋል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ከራስ እስከ እግር ያፈሱበታል፤ እኔ አልወደውም፤ ዓይን የሚያርፍበት ንጹሕ ቦታ ከሌለ አስቀያሚውም አይለይም።

በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እንደምሠራ ያውቃሉ። ዕድሜ የገፋ ሰው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ በጥቂቱ ሲነካ ይበልዛል፤ ብልዙም መጀመሪያ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ፣ በየቀኑ ከዳር ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ይጠፋል። የበሽታ ቀለም ሥርዓት እንዳለው በዚህ ሥራ ተረድቻለሁ። ይሁን እንጂ የምንከባከባቸውን ሰዎች የአንዳቸውንም ቁስል ገልብጬ ምስል ላይ አላሠፈርሁም፤ አላደርገውምም። የእነርሱ ቁስል የሚታጠብና የሚታሰር እንጂ የጨዋታ ጌጥ የሚሆን አይደለም። ሠራዊቱ የልብ ወለድ ስለሆነ ነው እጄ የሚደፍረው።

የታመመ አካል መሣል ነውር ነው ለሚሉኝ ሰዎች ሁልጊዜ የማነሣው አንድ ሥራ አለ። ማቲያስ ግሩነቫልድ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ከ1512 እስከ 1516 ለኢሰንሃይም ገዳም የሣለው ታላቅ የመሠዊያ ሥዕል ነው፤ ዛሬ በፈረንሳይ አገር በኮልማር ሙዚየም ይገኛል። ገዳሙ የአባ እንጦንስ ሲሆን፣ መነኮሳቱ በስሙ «የእንጦንስ እሳት» የተባለውን ደዌ ያስታምሙ ነበር። በአንዱ ክፍል አጋንንቱ አባ እንጦንስን ሲያንገላቱት፣ ከታች ጥግ ሆዱ ያበጠና ሰውነቱን ቁስል የወረሰው አንድ ፍጡር ተቀምጧል፤ የበለዘውም፣ የፈነዳውም ቁስል አንድ በአንድ ተጠንቅቆ ተሥሏል። በዚያ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ የራሱን ገላ በዚያ ሰሌዳ ላይ ያየው ነበር።

ያ ደዌ የሚመጣው ኤርጎት በሚባል፣ በእህል ዛላ ላይ በሚበቅል ሻጋታ ነው፤ ደም ሥሩን እያጠበበ እጅና እግርን ያደርቃል። እርስዎም ያስታውሱት ይሆናል፤ በእኛ 1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ በዋድላና ደላንታ በኩል፣ ሻጋታው የያዘው ስናር የተቀላቀለበት እህል የበሉ ሰዎች ጣታቸውና እግራቸው እየጠቆረ የረገፈው በዚሁ ነው። ይህን ካነበብሁ ወዲህ የጠቆረ የእግር ጣት ስቀባ እጄ ይዘገያል።

ስለዚህ አጎቴ፣ ጥያቄዎን በቀጥታ ልመልስ፦ ሰይጣን አላመልክም፤ ጾሜንም አልገደፍሁም። የምሥለው ጠላት ነው፤ በጨዋታው ሌላው ወገን የሚዋጋው ጠላት ያስፈልጋል፤ ጠላቱ ደግሞ በሚገባ ካልተሣለ ድሉም አይጥምም። እርስዎም ቅዱስ ሚካኤል የረገጠውን በግዴለሽነት ሣሉት ብዬ አላምንም።

በሚቀጥለው ወር ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሁለት የሳይቤሪያ ሸለምጥማጥ መሰል እንስሳ ፀጉር የሆኑ ቀጫጭን ብሩሾች እልክልዎታለሁ። ቀለሙ ብረቱ ጋ እንዳይደርስ ይጠንቀቁላቸው፤ ሲጨርሱም በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው ጫፋቸውን በጣትዎ ያሹሉት። እኔም በምላሹ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፦ የጋኔኑን ዓይን ከፊቱ ሁሉ አስቀድመው ነው ወይስ በመጨረሻ የሚሥሉት? እኔ በመጨረሻ እያልሁ እስካሁን አስቸግሮኛል። በእህቴ በኩል በድምፅም ቢሆን ይንገሩኝ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ