የቅዳሜው የኤትና ቀይ ወይን ቅምሻ

ውድ አባላት፣

የዚህ ወር ቅምሻችን በሲሲሊ፣ በኤትና ተራራ ሰሜናዊ ተዳፋት፣ ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኝ አንድ ትንሽ የወይን እርሻ የመጣ ቀይ ወይን ስለሆነ፣ ቅዳሜ በአገር ቤት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሮም በሚገኘው በተለመደው አዳራሻችን እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የአካባቢው ቀይ ወይን «ኤትና ሮሶ» (የኤትና ቀይ) ለመባል በጣሊያን የወይን ስያሜ ደንብ መሠረት ቢያንስ 80 በመቶው ኔሬሎ ማስካሌዜ ከተባለው የወይን ዘር መጠመቅ አለበት። ቀለሙ ስስ በመሆኑ ብርጭቆ ውስጥ ሲታይ ውኃ የበዛበት ይመስላል፤ ሲቀመስ ግን ጎምዘዝ ብሎ ምላስን ይይዛል። ተክሉ የሚበቅለው በጥቁር የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ሲሆን፣ ከፍታው ቀዝቃዛ ስለሆነ ፍሬው ብዙ ጊዜ እስከ ጥቅምት አይለቀምም።

ባለፈው ጠርሙሶቹን ማሞቂያ አጠገብ አስቀምጬ ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ዘንድሮ በ16 ዲግሪ አቆያቸዋለሁ።

እያንዳንዳችሁ ሁለት ብርጭቆና 15 ዩሮ ይዛችሁ ኑ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ጣዕሙን ስለሚሸፍነው ዳቦና የበግ ጥብስ ይሻላል፤ ጥብሱን የሚያመጣ አባል ቢያሳውቀን። ባለ 12 ጠርሙስ ካርቶን በጋራ እንግዛ ወይስ አንግዛ በሚለው ላይም ሐሳባችሁን ጨምራችሁ፣ መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልን።