ደብዳቤ ለልጄ፦ አንድ ሁዳዴ ጠብቂ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ትንሽ ተሽሏታል።

ትናንት ማታ አክስትሽ ደወለች። ሰላምታዋ አጭር ስለነበር ነገር እንዳለ ወዲያው ገባኝ። የመልቀቂያ ደብዳቤሽን ጽፈሽ ጨርሰሻል አለችኝ። ሰኔ 30 ከባንኩ ትሰናበቻለሽ፣ ሐምሌ ላይ ኬክ ቤቱን ትከፍቻለሽ። ለእኔ ያልነገርሽኝ እቆጣለሁ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አልተቆጣሁም። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝና ተነስቼ ይሄን ጀመርኩ። በስልክ ብነግርሽ "እሺ አባዬ" ትይኝና ስልኩ ይዘጋል።

አንድ ነገር ያዢልኝ። አንድ ሁዳዴ ሳትፈተኚ ማመልከቻውን እንዳታስገቢ።

ሙያሽን አልጠራጠርም። ለወንድምሽ ምርቃት የሠራሽውን ኬክ ከአዲስ አበባ ጭንሽ ላይ አቅፈሽ ነው ያመጣሽው። ዓባይ በረሃ ላይ ክሬሙ እንዳይቀልጥ በጋዜጣ ስታራግቢለት መጥተሽ፣ ደጀን ስትደርሺ ክንድሽ አልታጠፍ ብሎሽ ነበር። ያንን ያየ አባት ልጄ አትችልም አይልም። የምፈራው ሌላ ነው።

ከፋሲካ ወዲህ በየሳምንቱ ሦስት አራት የሠርግ ኬክ ታዘሻል አሉ። በአንድ ቅዳሜ የደሞዝሽን ግማሽ አግኝተሻል። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ግን እናቴ፣ ይሄ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ አገሩ ሁሉ ይዳራል። ጥርም እንዲሁ ነው። በሁዳዴስ? 55 ቀን እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሠርግ የለ። ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ነበር። ያኔ "ኬኩስ እንዴት ነው?" ስልሽ ምን አልሽኝ? "ጾም ስለሆነ እረፍት ላይ ነኝ አባዬ።"

እንቅልፍ የነሳችኝ ይህች ቃል ናት። እረፍት ያልሽው የወሩ ደሞዝ ስለገባልሽ ነው። የሱቅ ኪራይ አይጾምም። የምትቀጥሪያት ልጅም በሁዳዴ ደሞዝ ትፈልጋለች። በጾም እንቁላል ይረክሳል፣ ኬኩን የሚበላ ግን የለም። ኬክ በሚፈለግበት በበዓል ሰሞን ደግሞ እንቁላሉ ይወደዳል። ይሄን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን የምትቆጥሪው የግንቦትን ገንዘብ ብቻ ነው።

የወፍጮውን ነገር ሰምተሻል። ቤታችን ውስጥ "አባትሽ ድሮ ወፍጮ ነበረው" ተብሎ ይታለፋል። እንዴት እንደተውኩት ግን ነግሬሽ አላውቅም።

1988 ዓ.ም. ነው። አስተማሪ ነበርኩ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ያጠራቀምነውን አዋጥተን በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ተከልን። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፉ ሲወቃ፣ ጆንያው ከበራችን እስከ አስፋልቱ ይሰለፍ ጀመር። ሌሊት በፋኖስ እንፈጫለን፣ ጠዋት ቅንድቤ ላይ ዱቄት እንዳለ ክፍል እገባለሁ። በታኅሣሥ ብቻ የደረሰኝ የአራት ወር ደሞዜ ነበር። አንድ ማታ እርሳስ አነሳሁና ያንን ገንዘብ በ12 አባዛሁት። የጎዳኝ ያ ማባዛት ነው ልጄ።

ጥር ላይ ከማስተማሩ የመልቀቂያ ማመልከቻ አስገባሁ። ለእናትሽ አልነገርኳትም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ደብተሬን ይዤ፣ እንደ ወትሮው ተሰናብቻት እወጣ ነበር። በአሥረኛው ቀን ከገበያ ሰምታ መጣች።

ሰኔ ገባ። ገበሬው ዘሩን ዘራ፣ ጎተራው ሳሳ። ሐምሌ ላይ መንገዱ ጭቃ ሆነና ገበያተኛውም ቀረ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ሴትዮ ሁለት ቁና ይዛ ትመጣለች። ለሁለት ቁና ሞተር አይነሳም፣ ሌላ ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች፣ ሌላ ሰው አይመጣም። ናፍጣው በዱቤ ነበር። ድንጋዩ መወቀር ነበረበት፣ ለወቃሪው የሚከፈል አልነበረም። ነሐሴ ላይ እናትሽ አንድ ቃል ሳትናገር የአንገቷን ወርቅ አውልቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንቺ ያኔ ጡት አልጣልሽም ነበር፣ ስትጠቢ ያንን ወርቅ በጣቶችሽ እየያዝሽ ነበር። ከተሸጠ በኋላም ብዙ ቀን እጅሽ አንገቷ ላይ ይፈልገው ነበር። እሷ ጣትሽን ትይዝልሻለች፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

ወርቁ የናፍጣውን ዕዳ ዘጋ፣ ወፍጮውን ግን አላዳነም። መስከረም ላይ ሸጥነው። ኅዳር ላይ የገዛው ሰው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ወረፋ ነበር። ያው ወፍጮ፣ ያው ቦታ። አንድ ክረምት ደሞዜን እየበላሁ ብጠብቅ ኖሮ ያ ወረፋ የኛ ነበር። ወደ ማስተማሩ ስመለስ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ነው የተቆጠርኩት። ምድቤ ቋሪት ሆነ፣ ሦስት ዓመት ተለያይተን ኖርን። አንቺ አፍ ስትፈቺ አልነበርኩም።

ስለዚህ እልሻለሁ፣ አንድ ሁዳዴ ሳትፈተኚ እንዳታስገቢ። የሚመጣው ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባል፣ ፋሲካው ሚያዝያ 24 ነው። እስከዚያ ሥራሽ ላይ ሁኚ፣ ኬኩንም ቅዳሜና እሁድ ቀጥይ። ሁዳዴው ሲገባ ደሞዝሽን በሌላ የባንክ ደብተር አስቀምጪና አትንኪው። የቤት ኪራይሽን፣ አስቤዛሽንና የወንድምሽን ክፍያ ኬኩ ይቻል። ከቻለ በፋሲካ ማግስት አስገቢ፣ እኔ ራሴ ቆሜ እመርቅሻለሁ። ያኔ ከለቀቅሽ የሠርግ ወቅት ከፊትሽ ይሆናል። አሁን ከለቀቅሽ የሚቀበልሽ ክረምቱና ፍልሰታው ነው።

እስከዚያ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። የጾም ኬክ በደንብ ተማሪ፣ ያለ እንቁላል በዘይት የሚነሳውን። የሠራተኛ ብድር ካለብሽ ውሉን አውጥተሽ አንብቢ። ስትለቂ ወለዱ እንዳለ ይቀጥላል ወይስ ወደ ውጭ ተበዳሪ ወለድ ይዞራል? የማን ዋስ ሆነሽ ፈርመሻል? ስድስት ዓመት ሠርተሻልና የስንብት ክፍያ ጠይቂ፣ ለሥልጠና ብለሽ የፈረምሽው የአገልግሎት ግዴታ ካለም እዪው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። ተናደሽ በአንድ ቀን ጥለሽ እንዳትወጪ። የሥራ ልምድሽንም ሳትይዢ ከግቢው አትውጪ፣ የመመለሻ መንገድሽ ነው።

ሱቁን ደግሞ፣ አክስትሽ አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቀ ብላኛለች። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ የመኖሪያ ቤትን ነው የሚመለከተው፣ ሱቅን አይደለም። አከራዩ በሰባተኛው ወር እጥፍ ልጨምር ቢል የሚያስጥልሽ ውልሽ ብቻ ነው። ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል አስሪ። ፎርኖውን ከመግዛትሽ በፊትም ቤቱ ስሪ ፌዝ፣ ማለት ባለ ሦስት መስመር የኤሌክትሪክ ኃይል፣ እንዳለው ኤሌክትሪሺያን ወስደሽ አሳዪ።

አሁን ያልወደድኩትን ልንገርሽ። ወንድምሽ ካንቺ ጋር እየኖረ አልሰማም። ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ ንገሪው። ክፍያው ካንቺ ኪስ ነው የሚወጣው። እኔ ደብቄ ያየሁትን አይቻለሁ፣ እናትሽ ዛሬም ድረስ "ለምን አልነገርከኝም" ብላኝ አታውቅም፣ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላም አለ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለእኛ ገንዘብ አትላኪ። አትከራከሪኝ። ጡረታዬ ለሁለታችን ይበቃል፣ የጓዳው ጣሪያም ዘንድሮን ያልፈዋል። የምትልኪውን የፎርኖው ገንዘብ ላይ ጨምሪው። ከእናትሽ ጋር ተነጋግረናል፣ በዚህኛው አልደበቅኳትም።

የመልቀቂያ ደብዳቤሽን አሁን መሳቢያ ውስጥ ክተችው። አትቅደጂው፣ ጊዜው ሲደርስ ቀኑን ብቻ ነው የምትቀይሪው። ለፍልሰታ ስትመጪ ያንን የጾም ኬክ ሠርተሽ ይዘሽ ነይ። ከቅዳሴ ስንመለስ ቡና አፍልተን እንቀምሰዋለን። በረሃውን እስክትሻገሪ ክሬም አትቀቢው፣ እዚህ መጥተሽ ትቀቢዋለሽ።

አባትሽ
ደጀን